ትምህርት የጠላ ልጅ በየት ይሂድ? የቀን ትምህርት፣ የማታ ትምህርት፣ የእጅ ሙያ ወይስ ገጠር

የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ማምሸት፣ የቤቱን ገንዘብ መንካት ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ መፍትሔ ይዞ ይመጣል። አንዱ «ጋራዥ አስገቡት» ይላል። ሌላዋ «ገጠር ከአያቱ ዘንድ ይሂድ» ትላለች። አክስት «ጠበል ይግባ» ስትል አጎት ደግሞ «አንድ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ይደርና ልብ ይግዛ» ይላል። እያንዳንዱ ምክር የሚመጥነው ልጅ አለ፤ የሚጎዳውም ልጅ አለ። ከዚህ በታች አማራጮቹን እናወዳድራለን፤ ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚሻልና እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚበላሽ እንናገራለን።

የምናወዳድርበት መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ዛሬ ቢቀር ዛሬውኑ የሚያውቅ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያስቀደምነው በአዲስ አበባ ዳር ባለው ኑሮ ምክንያት ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ከሚኖረው ቤተሰብ ብዙው ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። እናት ሥራዋ አሁንም መርካቶ ወይም ፒያሳ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከመሸ ትመለሳለች። በድሮው ሰፈር ልጁ በሥራ ሰዓት መንገድ ላይ ቢታይ «አንተ የእገሌ ልጅ፣ ለምን ከትምህርት ቤት ቀረህ?» የሚል ጎረቤት ነበር። በአዲሱ ሰፈር ብሎኩ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ገና አልተዋወቀም፤ የድሮው ዕድርም ተበትኗል። ስለዚህ ልጁ ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ወላጅ የሚሰማው ሪፖርት ካርድ ሲመጣ ነው። የሚመርጡት መንገድ ማንኛውም ይሁን፣ በዚያው ቀን ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ከሌለበት አይቆምም።

ከመምረጥዎ በፊት አንድ ሳምንት ይመልከቱ

የመጀመሪያው ስሕተት ችኮላ ነው። በሰኞ ጠብ ማክሰኞ ልጁን ከትምህርት ቤት ማስወጣት የማይመለስ ጉዳት ያመጣል። ለሰባት ቀን በትንሽ ደብተር አራት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ገባ፣ ከማን ጋር ነበር፣ ከቤት ምን ጎደለ። ልጁን አይመርምሩት፣ ኪሱን አይፈትሹ፤ ይጻፉ ብቻ።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ይሂዱና ዩኒት ሊደሩን ወይም የክፍሉን ኃላፊ መምህር ያነጋግሩ። «ልጄ ጠባዩ እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁ «ረባሽ ነው» ከሚል መልስ ያለፈ አያገኙም። የስም መጥሪያውን ለማየት ይጠይቁ። የትኛውን ቀንና የትኛውን ክፍለ ጊዜ እንደቀረ ሲያዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። ጠዋት ተገኝቶ ከምሳ በኋላ የሚጠፋ ልጅ ምናልባት ርቦታል። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የታችኛው ክፍል ተማሪ ምገባ አለው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ምሳ ዕቃ የሌለው ልጅ ባዶ ሆዱን ይውላል፤ ያንንም ለጓደኛ ከመናገር መጥፋት ይመርጣል። አንድ የተወሰነ ትምህርት ብቻ የሚፎርፍ ከሆነ ነገሩ ከዚያ መምህር ጋር ነው። የአውሮፓ ኳስ ባለበት ማግስት የሚቀር ከሆነ ቤቲንግ ቤቱን ይጠርጥሩ። በአጠቃላይ ሰኞና ዓርብ የሚቀር ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጓደኞቹ ትምህርት ያቆሙ ናቸው።

አንድ ሌላ ፈተና አለ፤ ወላጅ ሁሉ ይዘለዋል። ብቻችሁን ስትሆኑ አንድ የጋዜጣ አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ ይለምኑት፤ «ዐይኔ ደክሞኛል፣ እስቲ አንብብልኝ ልጄ» ማለት ይበቃል። እየተንተባተበ ፊደል የሚቆጥር ከሆነ ችግሩ ጠባይ ሳይሆን ማንበብ ነው። ማንበብ ሳይችል ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከሚያፍር መረበሽ ይቀለዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ቅጣትም ሰፈር መቀየርም ምንም አይረባም፤ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት የሚያስነብበው ሰው ያስፈልገዋል።

በቀን ትምህርት ማቆየት

ልጁ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ፣ ማንበብ ከቻለና መቅረት ከጀመረ አንድ መንፈቅ ካልሞላው ሌላ አማራጭ አይፈልጉ። ከሁሉ የሚረክሰውም ይኸው ነው፤ በእግሩ ይሄዳል፣ ክፍያ የለውም፣ እኩዮቹም እዚያ ናቸው። ጉድለቱ ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ልጅ ቢቀር የሚያስተውል አለመኖሩ ነው። ይህን በፊርማ ደብተር መሙላት ይቻላል፦ በየቀኑ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህርና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር ይፈርማሉ፤ ወላጅ ማታ ያያል። አራት ሳምንት ሳይቋረጥ ከሄደ ወደ ሳምንት አንድ ጊዜ ይቀንሱት።

ደብተሩ የሚበላሽበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ የታየ ዕለት አባት ቀበቶ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ፊርማ መኮረጅ ይማራል። ባዶ ቦታ ሲታይ ዕለቱን «የት ነበርክ?» ብቻ ይጠይቁ። ቅጣቱ ደግሞ አስቀድሞ የተነገረ አንድ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ስልኩ በማግስቱ ቤት ይውላል።

ትምህርት ቤት መቀየር የሚያስፈልገው ልጁ በቡድን ሲዛትበት ወይም ከአንድ መምህር ጋር ነገሩ ከተበላሸ ነው። የሚሻለው ጊዜ በሁለቱ መንፈቆች መካከል ወይም ክረምት ነው። መሸኛውን ከመውሰድዎ በፊት ተቀባዩ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው ያረጋግጡ፤ መሸኛ በእጅ ይዞ ቦታ ያጣ ልጅ ዓመቱን ቤት ይውላል።

ከትምህርት መውጫ እስከ እናት መግቢያ፣ ማለትም ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ ከትምህርቱ እኩል ይመዝናል። ፑል ቤቱ፣ ጫት ቤቱ፣ ፕሌይ ስቴሽን ቤቱ የሚሞላው በዚያ ሰዓት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ የወረዳው ወጣት ማዕከል፣ የኳስ ቡድን እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አላቸው፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚይዙ አጋዥ እንጂ ራሳቸውን የቻሉ አማራጭ አድርገን አንቆጥራቸውም። አሠልጣኙ የቀረ ልጅ ቤት ድረስ የሚሄድ ዓይነት ሰው ከሆነ ግን ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ይበልጣል።

ማታ መማር፣ ቀን መሥራት

የማታ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ተጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ያልቃል። ወላጆች የሚወዱት ሁለቱንም የሚያሟላ ስለሚመስል ነው፦ ይሠራል፣ ይማራልም። በእኛ መለኪያ ግን ደካማው ይህ ነው። የማታ መምህር ስለ ቀረ ተማሪ ቤት አይደውልም፤ አብረውት የሚማሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ የቀን ሥራ ደክሞት የመጣ ልጅ በሁለተኛው ወር እንቅልፉን ይመርጣል። የሚጠቅመው የቤቱ ገቢ ራሱ ላይ ለወደቀና በጠባዩ ለረጋ ልጅ ነው። ለተቸገረና ለሚንገዋለል ልጅ ብቻውን አይሰጥም።

ለሴት ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በዳር ሰፈሮች ከዋናው አስፋልት እስከ ቤት ያለው መንገድ ብዙ ቦታ መብራት የለውም። ማታ የሚቀበላት ሰው ስሙ ተለይቶ ካልታወቀ ይህን አማራጭ ይሰርዙት። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሣ፦ ትምህርት ያቋረጠችን ልጅ «ዐረብ አገር ትሂድ» የሚል ደላላ ቤት ድረስ ይመጣል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ወደ ውጭ አትላክም፤ ዕድሜ አስጨምሮ የሚወስዳት ሰው ችግር ሲመጣ አይገኝም፤ በማስረጃ የሚከራከርላትም አታገኝም።

የእጅ ሙያ ከባለሙያ ዘንድ

ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጅ፣ መጽሐፍ ለጠላ ግን እጁ ለማይቦዝን፣ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም በመለኪያችን ይበልጣል፦ ሦስት ሰው ባለበት ብየዳ ቤት አንድ ልጅ ቢቀር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይታወቃል። በዳር ሰፈር ሥራውም አለ፤ ግንባታ ስለማይቆም የበርና መስኮት ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ጂፕሰም፣ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ሥራ በየመንገዱ ነው።

ሙያዎቹ ግን ለዚህ ልጅ እኩል አይደሉም። ጂፕሰምና ሴራሚክ ቶሎ ያስከፍላሉ፤ ቦታቸው ግን በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ክፍያውም በየቀኑ በእጅ ነው። በእጅ የገባ የቀን ክፍያ ሱስ ለጀመረ ልጅ አደገኛ ነው። ሞባይል ጥገና በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከባለሙያው ጎን ስለሚያስቀምጠው ለክትትል ምቹ ነው፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ግን ቤቲንጉ በእጁ ባለው ስልክ ላይ ነው። ጋራዥ ሰፊ ሙያ ያስተምራል፤ ሆኖም ብዙ ሠራተኛ ያለበት ጋራዥ ልጁን ማን እንደሚይዘው ግልጽ አይሆንም። የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤት ቦታው ቋሚ፣ ባለቤቱም ከሥራው የማይለይ በመሆኑ እኛ እነዚህን እናስቀድማለን።

ከመስማማትዎ በፊት ቦታውን ሁለት ጊዜ ይዩት። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ሳይታሰብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። መሬቱ ላይ የጫት ገረባ ተበትኖ ካዩ፣ ባለሙያዎቹም ጉንጫቸው ተወጥሮ ከሆነ ይመለሱ፤ ልጁ ሙያውን ሳይለምድ በርጫውን ይለምዳል።

ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፉ፣ ምስክሮች ይፈርሙበት። ባለቤቱ ቢያመነታ «ጋሼ፣ ለመካሰስ አይደለም፤ ልጁ ቁም ነገር መሆኑን እንዲያይ ነው» ይበሉት። ወረቀቱ ላይ የሥራ ሰዓት ይግባ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቀጠር የለበትም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በበዓል አይሠራም። ምሳ ማን እንደሚችል ይጻፍ። መሣሪያ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ፤ ለማጅና ባለቤት የሚጣሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ «ሰረቀ» የሚለው ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ልጁ አይመለስም። የሁለት ሰው ስልክ ይሰጥ፤ ልጁ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ካልደረሰ ባለቤቱ ይደውላል። ይህች መስመር የወረቀቱ ልብ ናት።

ሌላው መግባት ያለበት ምን በየትኛው ጊዜ እንደሚማር ነው። ለማጆች በብዛት የሚተዉት በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ እስከዚያ ሲጠርጉና ሻይ ሲላኩ ብቻ ስለሚቆዩ። ለብየዳ ለምሳሌ በመጀመሪያው ወር ሜትርና ማዕዘን መለካት፣ የመሣሪያዎቹን ስምና አያያዝ፤ በሦስተኛው ወር ብረት ቆርጦ ማገጣጠም፤ በስድስተኛው ወር አንድ የመስኮት ፍርግርግ ከመለካት እስከ ቀለም ብቻውን መሥራት። ያን ፍርግርግ ወላጅ ሄዶ ይየው።

የዐይንና የእጅ ጥበቃን ለባለቤቱ ቅንነት አይተዉት። የብየዳ ብርሃን በዐይን ሲታይ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ማታ ላይ ዐይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል። ጥቁር መስታወቱ ቁጥር 10 ወይም 11 የሆነ የራሱ ጭንብል ይኑረው፤ ባዶ ዐይኑን ሆኖ «አንተ ያዝልኝ» የሚባል ረዳት ከበያጁ ይልቅ ይጎዳል። ዐይኑ ከተቃጠለ ጤና ጣቢያ እንጂ በቤት መድኃኒት አይነካካ። መቁረጫው መከለያው የወለቀ ከሆነ አይንካው።

ደመወዝ ሲጀምር በሳምንት እንዲከፈለው ይስማሙ። ገንዘቡን ሁሉ ቤት መውሰድ ልጁን ወደ መደበቅ ይወስደዋል፤ ሁሉንም ለእሱ መተው ደግሞ ወደ ሱስ። ሲሶውን ለቤት፣ ሲሶውን በስሙ ለሚከፈት የባንክ ደብተር፣ ሲሶውን ለኪሱ ማድረግ የምንመክረው ክፍፍል ነው።

በሥራ ላይ የተማረ ሙያ ያለ ወረቀት አይቀርም። የብቃት ምዘና፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው፣ ኮሌጅ ያልገባ ሰውም ሊፈተነው ይችላል። አንድ ዓመት ገደማ በደንብ የሠራ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ቢመዘገብ አያፍርም።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

ኮሌጁ ከጋራዥ የሚበልጠው በወረቀቱና በሥርዓቱ ነው። ሥልጠናው ሰባ በመቶ ተግባር፣ ሠላሳ በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ተደርጎ የተቀረጸ ነው። እንደ ውድቀት የሚያዩት ወላጆች አሉ፤ ይህ ልክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀን ትምህርት እስከ መጨረሻው የሄደውም ልጅ አብዛኛው ዞሮ ሌላ በር ያንኳኳል።

ችግሩ ርቀቱ ነው። እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ተግባረ ዕድ፣ ምሥራቅ፣ ንፋስ ስልክ የመሳሰሉት ለዳር ሰፈር ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለት ታክሲ ናቸው። ሁለት ሄዶ ሁለት ሲመለስ በቀን አራት፣ በሳምንት ሃያ ጉዞ ይሆናል። ከመመዝገብዎ በፊት የሰፈርዎን ታሪፍ በሃያ አባዝተው የሳምንቱን፣ ያንንም በአራት አባዝተው የወሩን ያስሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ በእግሩ ወደሚደርስ ትምህርት ቤት መሄድ ያቃተው ልጅ፣ ሁለት ሰዓት ሰልፍ ቆሞ ኮሌጅ አይደርስም። ስለዚህ ለሚንገዋለል የ15 ዓመት ልጅ ሳይሆን፣ ስድስት ወር ከባለሙያ ዘንድ ረግቶ ሙያውን ለወደደ የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ እንመርጠዋለን። የመግቢያ መስፈርቱ ይለዋወጣልና በሰው ወሬ አይተማመኑ፤ ምዝገባ ሳይከፈት የኮሌጁን ሰሌዳ ሄደው ያንብቡ። አጫጭር ሥልጠናዎች ከመደበኛው ቀለል ያለ መስፈርት አላቸው፤ ስለ እነሱም ለይተው ይጠይቁ።

ፈጣን ገንዘብ ያላቸው ሥራዎች

የታክሲ ረዳትነት፣ ጫኝና አውራጅ፣ የድንጋይ ካባ። ልጁ ራሱ የሚመርጣቸው እነዚህን ነው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከባድ ዕቃ ማንሳትና መግፋት ያለበትን የማጓጓዝ ሥራ፣ የድንጋይ ካባና የከርሰ ምድር ሥራን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ እነዚህ ሥራዎች በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ፣ በየቀኑም አዲስ ጓደኛ ይሰጣሉ፤ ቢቀር ቦታውን ወዲያው ሌላ ልጅ ይይዘዋል እንጂ የሚጠይቀው የለም።

ገጠር መላክ

ገጠር የሚሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ልጁን በስም የሚፈልገው ሰው ካለ። ልጁን የሚወድ፣ «ላኩልኝ» ያለ አጎት ወይም አያት፣ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተይዞ፣ የመመለሻው ጊዜም ተነግሮት። በሰፈር ቡድን ሕይወቱ አደጋ ላይ ለወደቀ ልጅ ደግሞ ጊዜ የሚገዛ መውጫ ነው። እንደ ግዞት ሲሆን ግን አይያዝም፤ በሁለትና በሦስት ወር ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ትምህርቱም የለም፣ በቤተሰቡም እንደተጣለ ያምናል። ከመላክዎ በፊት ለዘመዱ ደውለው የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ በወር ምን እንደሚልኩለት በግልጽ ይነጋገሩ። መሸኛውን ይዞ ይሂድ። በሳምንት አንድ ቀን በታወቀ ሰዓት ከልጁ ጋር ራሱ፣ ከዘመዱ ጋር ሳይሆን፣ ይነጋገሩ።

ሕክምና የሚቀድምበት ጊዜ

ሌሊት የማይተኛ፣ ማንም ያልሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል፣ ማስቲሽ የሚስብ፣ ትራማዶል ወይም ሌላ ክኒን የሚውጥ ልጅ ካለ ከላይ ያሉት ምርጫዎች ሁሉ ይቆዩ። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ከዚያ ሪፈር ወደ አማኑኤል፣ ወደ የካ ኮተቤ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያገኛሉ። ስለ መሞት ያወራ ልጅን ቀጥታ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁን ይቀልለዋል። ገመድ፣ መርዝና ክኒን ከቤት ያውጡ፣ ብቻውን አይደር። አጣዳፊ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ።

ጠበል ለሚያምን ቤተሰብ ትልቅ ማረፊያ ነው። የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሳያቋርጥ ይሂድ፤ ድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ያባብሳል።

ጫት ብቻ ከሆነ ማቆሙ ለሕይወት አያሰጋም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከባድ እንቅልፍ፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ የልብ መጨለም አለባቸው። ቤተሰቡ ይህን ስንፍና ብሎ ሲጮህበት ልጁ ወደ በርጫው ይመለሳል። በዚያ ሳምንት ምግብና ውኃ ይቅረብለት፤ ከቤት የሚያወጣው ሥራም ቀላል ይሁን። አልኮልና ሲጋራን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ ለሰፈሩ ባለ ሱቅና ግሮሰሪ ይህን በጨዋ ቃል ማስታወስ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ ቢሆን ይመረጣል።

ፖሊስ

«አንድ ሌሊት ይደርና ልብ ይግዛ» የሚለውን እንቃወማለን። ልጁ እዚያ የሚያገኘው ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ጓደኛ ነው። በእውነት ተይዞ ከሆነ ግን ጊዜ አያጥፉ። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው በተለየ ሥርዓት ነው የሚታየው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረትም ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ አለባቸው። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ ከሌለ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዘው በዚያው ሰዓት ይሂዱና ዕድሜው እንዲመዘገብ፣ ከአዋቂ እንዲለይ፣ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይጠይቁ።

ከመረጡ በኋላ

ለመረጡት መንገድ ስድስት ሳምንት ይስጡት፤ በየሳምንቱ መንገድ መቀያየር ልጁን «ምንም ነገር አይዘልቅም» ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። በስድስተኛው ሳምንት ያን ትንሽ ደብተር አውጥተው የመጀመሪያውን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ፦ የገባበት ሰዓት፣ የቀረባቸው ቀናት፣ ከቤት የጎደለው። ከሦስቱ በሁለቱ መሻሻል ካለ አይንኩት። ምንም ካልተለወጠ የሚቀየረው መንገዱ ከመሆኑ በፊት የሚደውለው ሰው በእርግጥ ይደውል እንደነበር ያጣሩ።

በመሀል ልጁ ከቤት ሊጠፋ ይችላል። ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ርቦትና ቆሽሾ ነው። በሩን ይክፈቱ፣ የሚበላ ይስጡት፣ ውኃ ያሙቁለት፣ ይተኛ። በማግስቱ ጠዋት ሰውነቱ ላይ ቁስል ወይም የድብደባ ምልክት መኖሩን ይዩ፣ ገንዘብ የተበደረው ሰው እንዳለ ይጠይቁት፤ ከዚያ ለጋራዡ ባለቤት ወይም ለመምህሩ ደውለው ቦታው እንዳልተሰጠበት ያረጋግጡና አብረውት ይሂዱ።